ሽማግሌው ቀን ሲስት

«ዕቃው ገና ወደብ አልደረሰም» ይላል ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛው። ዘሪቱ የኮንቴይነሩን ቁጥር አጥፍታ እንደገና ጻፈች። «ዕቃው ገና ወደብ አልደረሰም።» ኧረ የት ሄዶ! ኮንቴይነሩ እኮ በመስኮት ይታያል፤ እዚያው ከክሬኑ ሥር ቁጭ ብሏል፤ ከመርከብ ሲራገፍም በዓይኗ አይታለች።

ሌላ ቁጥር ሞከረች። እሱም አልደረሰም። ሌላም። መጋዘን ሙሉ ቡና መላኪያ ጆንያ፣ ጎማ፣ ብረት፣ አንዱም አልደረሰም። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። በሰኔ የአሰብ ሙቀት ቢሮው ያለው አንድ ቬንትሌተር ነው፤ እሱም ፊቱን ያዞረው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ሰው ይቀቀል፣ ማሽኑ ይቀዝቅዝ፤ የቤቱ ደንብ ይኸው ነው።

ሾፌሮቹ ኮምፒውተሩን «ሽማግሌው» ይሉታል። ወደብ የገባ ዕቃ ሁሉ በእሱ ሆድ ነው ያለው፤ እሱ እሺ ካላለ የመልቀቂያ ወረቀት አይታተምም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ አገር ለቅቆ ከሄደ ቆይቷል፤ አንጀቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። ዘሪቱም የምታውቀው አመሉን ብቻ ነው። ታባብለዋለች፣ አቧራውን ትጠርግለታለች፣ ጨርሶ አታጠፋውም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ቃል አጭር ነበር፤ ሽማግሌው የቆመ ዕለት የአሰቡ ሥራ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይዛወራል፣ ሠራተኛውም አብሮ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ እቶን ወጣሁ ብሎ ስለት ያስገባ ነበር። የዘሪቱ ባል ትንሳኤ ግን የአሰብ ልጅ ነው፤ አልጋ የያዙ እናቱን ጥሎ የትም አይሄድም። እሷ ደግሞ እሱን ጥላ አትሄድም።

«አንቺ ዘሪቱ! ሽማግሌው ዛሬ አኮረፈ እንዴ?» አለ ቸሩ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያ ከክሬኑ ሥር ያለው ኮንቴይነር የእሱ ጭነት ነው። «ጓደኞቼ ትናንት ጭነው ወጡ። እኔ ብቻ ነኝ እዚህ እንደ ዓሣ የምደርቀው።»

«ታገሠኝ ቸሩ፣ በእናትህ።»

አቶ ክብሩ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። አዲሱ የቅርንጫፉ ኃላፊ ናቸው፤ ሰው አይጠሉም፣ አሰብን ግን ገና አልለመዱትም። ስክሪኑን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። እስከ ምሳ ካልተስተካከለ አዲስ አበባ እደውላለሁ። በእኔ እንዳትቀየሚ፣ ታዝዤ ነው።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም፣ አይደውሉ!» ድምጿ ተሰባበረባት። አፈረች፤ ግን ምን ታድርግ፣ ጨንቋታል።

እንደ ታመመ ልጅ ግንባር መዳፏን ማሽኑ ላይ ጫነች። ሌላ ቀን እንደ ካውያ ይፋጃል። ዛሬ ለብ ብሎ ነው ያገኘችው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ማሽን እንዲህ አይቀዘቅዝም።

«አቶ ክብሩ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ማለዳ፣ አንቺ ሳትመጪ። ሲመጣ እኔው አስነሳሁት፤ ላግዝሽ ብዬ።»

«ሲነሳ ቀን ጠየቀዎት?»

«ጠየቀኝ። ነገርኩት።»

«የቱን?»

«እንዴት የቱን? የዛሬን ነዋ! ሰኔ ስድስት፣ ሰማንያ ስምንት!»

ዘሪቱን ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። የእግዜር ያለህ! ሽማግሌው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። በውስጡ ያለው ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ ሲነቃ የነገሩትን ያምናል። አቶ ክብሩ ደግሞ የገዛ አገራቸውን ቀን ነግረው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሱት። ዘንድሮ የመጣ መርከብ ዕቃ እንዴት ደረሰ ይበል? እሱ ምን አጠፋ፣ የነገሩትን አመነ እንጂ!

የፈረንጁን ቀን ጽፋ የቸሩን ቁጥር መታች። ስክሪኑ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ተከፈተ። እልልታ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ» አሉ አቶ ክብሩ አንገታቸውን እያሻሹ። «ለሾፌሮቹ እንዳትነግሪ፣ መሳቂያ ያደርጉኛል። በይ ስልኩም ቀረ።» ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ዘሪቱ ዓይኗን ጠርጋ የዕቃውን ዝርዝር አነበበች። አዲስ ኮምፒውተር ከነማተሚያው፣ ብዙ ሣጥን። ተቀባዩ የራሷ መሥሪያ ቤት። ማራገፊያው አዲስ አበባ። ለአሰብ የሚል መስመር ፈለገች፤ ከላይ እስከ ታች ደጋግማ ፈለገች፤ አጣች።

ለካስ ሽማግሌው እስኪቆም የሚጠብቅ የለም። እነዚህ ሣጥኖች ከደረሱ ሥራውም እዚያው ነው፣ እሷም እዚያው።

«ዘሪቱ፣ ኧረ በፀሐይ አለቅሁ!»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ዛሬም አልደረሰም ብትል ማን ያውቅባታል? ነገም እንዲሁ ብትል? ቀና አለች። ቸሩ ሸሚዙን አውልቆ ራሱ ላይ ጥሎታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሳቅ ሲል ደም ያወጣል። ይህ ሰው ምን በደላት?

ቁልፉን ተጫነችው። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ። ማኅተም መትታ በመስኮቱ ዘረጋችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህት ዓለም! ከአዲስ አበባ ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም» አለች። ወረቀቱን ግን ቶሎ አልለቀቀችውም። «ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ቸሩ። በጣም ቀስ ብለህ።»