አጎቷ ጺሙን ያስያዘበት ኮምፒውተር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ክረምት ነው፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ድምፄ አይሰማችሁም። አንተ፣ በሩን ገፋ አድርገው። ይኸውላችሁ፣ ያኔም እንዲሁ ክረምት ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረች። ያሏትን ሁሉ «እምቢ» ስለምትል ቤተሰቡ «እምቢዬ» ይላታል። የጎረቤቱን ፀጉር እየሠራች ጥቂት አጠራቀመችና «የጨዋታ ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው» አለች። የተገጣጠመ ልግዛ አላለችም! ዕቃውን አንድ በአንድ መርጣ፣ በገዛ እጇ።

አጎቷ ሳቁ አመለጠው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ጺሙ እስከ ደረቱ።

«አንቺ? አርፈሽ ፀጉርሽን አትሠሪም?»

«እምቢ።»

«እንግዲያው ቁልፉን አንዴ ተጭነሽ ካልተነሳ ዕቃውን ለሱቁ ትመልሻለሽ። ሁለተኛም የኮምፒውተር ስም አታነሺም።»

«ከተነሳስ?»

«ይቺን ጺም እላጫታለሁ!»

«እማዬ፣ ሰምተሻል» አለች።

ከእናቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሱቅ ገቡ። ሻጩ ልጅቷን ትቶ እናቷን ያነጋግራል።

«እትዬ፣ ይሄ ለእሷ ምን ያደርግላታል? ወንድም የላትም እንዴ?»

«ራሷን ጠይቃት፤ አፍ አላት» አለችው እናት።

መስታወት የለበሰ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ሳጥን አወጣ። «ወጣቱ ሁሉ የሚሻማው ይሄን ነው።»

«እምቢ። ለመብራት አልከፍልም። ተራውን አምጣ፤ ጠርዙ እጅ የማይቆርጠውን።»

ሙቀቱን የሚያበርዱትን ማራገቢያዎች ግን አንድ በአንድ አስከፈተችው። ጆሮዋን አስጠግታ «ይሄ ያፏጫል። ይሄ ያቃስታል። ይሄኛው ይሁን» አለች። ከድምፅ ካርዱ ምርጡን ወሰደች። ውዱን የምስል ካርድ ሲያቀርብላት ገፋችው።

«የኔ እህት፣ ጨዋታ እኮ ምስል ነው!»

«ላንተ ነዋ።»

ስክሪንም ሳትገዛ ወጣች። አጎቷ ይህን ሲሰማ ጺሙን እያፍተለተለ «አለቀላት! ዋናውን ዕቃ ረስታዋለች» አለ።

ከሰዓት ዕቃዋን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። አጎት ወንበር ስቦ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። ገና ብሎን ማጥበቅ ስትጀምር ዝናቡ ወረደ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ መብራት ጠፋ።

«እስኪመጣ ተዪው» አላት።

«እምቢ።»

በጨለማው ብሎኑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እልኸኛ! እናቷ ሻማ ፈልጋ እስክትመጣ ልጅቷ ሳጥኑን ከድናዋለች።

መብራቱ ተመለሰ።

«ስክሪን የለ፤ መነሳቱን በምን እናውቃለን?» አለ አጎት።

«ዝም በልና ስማ።»

ቁልፉን ተጫነችው። ማራገቢያው ሽው አለ። ቀጥሎ አንዲት አጭር «ጢጥ!» ኮምፒውተር «ደህና ተነስቻለሁ» የሚለው እንዲህ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ ጢጥታ አይጠፋውም። ጺሙን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

ተላጨ እንግዲህ። አገጩ የእንቁላል ጫፍ እንደምታህል ያወቅነው ያን ቀን ነው። እምቢዬ በጣቷ ዳበሰችለትና «አሁን አመንኩህ» አለችው። ሻጩም ዛሬ ማራገቢያ ለሚገዛ ሁሉ «መጀመሪያ አድምጠው» ይላል። የእናቷ ቤት ከጎረምሳ ጠርቶ አያውቅም፤ በጆሮዋ እየተከተለች የምትጫወተውን የቡጢ ጨዋታ ሊገጥሟት ስክሪናቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይመጣሉ፣ ተሸንፈው ተሸክመውት ይሄዳሉ።

መንገድ የምትዳብስባት ነጭ በትሯም ከበሩ ኋላ፣ ከእንግዶቹ ጃንጥላዎች ጎን ተደግፋ ትጠብቃታለች።