የዘጠነኛው መሰናክል ዳኛ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ከጎረቤትህ ብትጣላም አጥሩን አብራችሁ ጠግኑ» ይል ነበር። እኔና ብሪዲ ላሊ ግን አጥሩንም ለየብቻ ነው ያጠርነው። በሁለቱ አጥር መካከል ያለችው አንድ ክንድ መሬት የማንም አይደለችም፤ ሳማ ታበቅላለች።

ጠቡ የተጀመረው አባቴ የተቀበረ ዕለት ነው። አገሩ ሁሉ ሲመጣ እሷ ቀረች። እኛ ዘንድ ከቀብር የቀረ ሰው ይቅርታ የለውም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ እሑድ በቅዳሴ ቄሱ «ሰላም ተባባሉ» ሲሉ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። እኔም እጄን አልዘረጋሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለጎረቤቶቼ ስጸልይ እንኳ እሷ ጋ ስደርስ እዘላታለሁ።

ያን ቅዳሜ ባዝራዋን በመኪና ጭነን ወደ ውድድሩ ስንሄድ ወንድሜ ጃርላት ቁርጡን ነገረኝ። ባዝራዋ የሁለታችን ናት፤ ሮሺን እንላታለን፤ አምስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ እግሯን ይዤ የሳብኳት እኔ ነኝ።

«ስማኝ ፊንታን» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነው። አገር አቋራጩን ንጹሕ፣ አንድም መሰናክል ሳትስት ከጨረሰች ትቀመጥልህ። ካልሆነ ሰኞ ያ ጀርመን ገዢ መጥቶ ይወስዳታል። ጨርሻለሁ።»

«በዚህ ጭቃ?»

«ጭቃው ላንተ ብቻ ነው እንዴ የዘነበው?»

አገራችን ጎልዌይ ከሐሙስ ጀምሮ ዝናቡን አላቋረጠም። ጠዋት የእርምጃውንና የሜዳ ዝላዩን ፈተና አለፍን። የቀረው አገር አቋራጩ ነው። እንደ ደንቡ መጀመሪያ መንገዱን በእግሬ ዞርኩት። ቦቲዬ እየተዋጠ ዘጠነኛው መሰናክል ጋ ደረስኩ። ቁልቁለቱን ትወርዳለህ፣ ቦዩን ትዘላለህ፣ ወዲያው ጠባብ ግንድ ይጠብቅሃል። በግራው ነጭ፣ በቀኙ ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። ፈረስህ በሁለቱ መካከል ካላለፈ እንዳልዘለለ ይቆጠራል፤ ተመልሰህ ካልዘለልከው ከውድድሩ ትወጣለህ።

እዚያ መኪናዋን አቁማ፣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ለዳኝነት የተቀመጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ብሪዲ ላሊ።

«አንቺ ነሽ እዚህ?» አልኳት።

«ምነው፣ ቦታው የአባትህ ነው?»

«ዓይንሽን ክፈቺ ልልሽ ነው።»

«ላንተ አንዱ ይበቃል። ይልቅ የምታሳዝነኝ ባዝራዋ ናት። በዚህ ጭቃ ይህን የሚያህል ሬሳ ተሸክማ!»

መስኮቱን ዘጋችብኝ።

ተራዬ ሲደርስ አማትቤ ተነሳሁ። ሮሺን ጆሮዋን አቁማ ስምንቱን እንደ ፍየል ዘለለቻቸው። በቁልቁለቱ ተንሸራተተች። ቦዩ ላይ የኋላ እግሯ ከዳትና ወደ ግንዱ ጠማማ መጣች። ቢሆንም ዘለለች። ጉልበቴ ቀዩን ባንዲራ መትቶ ጣለው። በውስጥ እንለፍ በውጭ አላየሁም፤ ዓይኔ ጭቃ ሞልቶ ነበር።

ልጓሙን ሳብኩ። ልመለስ ይሆን?

ብሪዲ ከመኪናዋ ወርዳ ዝናቡ ላይ ቆማለች። «ሂድ!» ብላ ጮኸች። «ምን ይገትርሃል? ሂድ አንተ!»

ሄድኩ። አሥረኛውን ከዘለልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ውጭ ማለፌን አይታ፣ እንዳልመለስ አባረረችኝ! የቀሩትን በምን እንደዘለልናቸው አላውቅም። ባዝራዋ ናት የጨረሰችው፤ እኔ የተሸከምኩት ቂሜን ነው።

የውጤት ሰሌዳው ላይ የሁሉም ተሞልቷል። የእኔ ግን ዘጠነኛው መሰናክል ላይ ባዶ ነው።

«ምን አደረግክ?» አለ ጃርላት።

«እኔ ምን አደረግኩ! ያቺ እባብ ናት፣ ባዝራዬን ልታስሸጥብኝ!»

«ቆይ ትንሽ፣ ወረቀቱ ገና ይሆናል።»

«የሌላው ሁሉ ደርሶ? አቤቱታ የሚቀበሉት ውጤቱ በተለጠፈ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እሱ እስኪያልፍ ልቀመጥላት?»

ወደ ዳኞቹ ድንኳን ገባሁ። ብሪዲ ውኃ እየተንጠባጠበባት ጥግ ላይ ቆማለች። ሰው ሁሉ እየሰማ የዘጠኝ ዓመቱን አወረድኩባት። አስመስላ የምትቆርብ፣ በሬሳ ላይ የምትኮራ አልኳት።

አልተቆጣችም። እሱ ይበልጥ አናደደኝ።

«ፊንታን፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አፍህን ዝጋና ውጣ። ሂድ ሻይ ጠጣ።»

«ፈራሽ አይደል?»

«ውጣ አልኩህ፣ አንተ ደረቅ!»

አቤቱታዬን ጸሐፊዋ ጻፈችልኝ፤ እኔ ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሬ፣ «የቀረጸ ካለ ይምጣ! እግዚአብሔር ያየውን ሰውም ይየው!» አልኩ። አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰው ስልኩን ከፍ አደረገ። ዘጠነኛው ላይ ያለፈውን ፈረስ ሁሉ ቀርጿል።

ብሪዲ ዓይኗን ጨፈነች። ገባት፣ አልኩ በልቤ፣ አለቀላት።

ዋናው ዳኛ ከኮርክ የመጣ፣ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ መጣና እንዲህ አለኝ፦

«ባዝራህ ከባንዲራው ውጭ ነው ያለፈችው፤ አቤቱታ ስላስገባህ ቪዲዮውን ማየት ግዴታችን ሆነ። ሴትዮዋማ ወረቀቷ በዝናብ ርሶ ዘገየ እንጂ፣ ንጹሕ ብላ ነበር የጻፈችልህ።»