የአንጓች ቆብ

ልጇ ደምለው ዘምቶ ከቀረ ወዲህ መርዶም ሬሳም አልመጣም። አንጓች ፍትሐት ይደረግለት ብላ ደጅ ብትጠናም፣ ካህናቱ «መሞቱ ሳይታወቅማ አይሆንም» እያሉ መለሷት። ሲታክታት «እንግዲያውስ ቆብ ልጫን» ብላ ገዳም ገባች።

የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራልና፣ በዕለቱ መሬት ላይ አስተኝተው እንደ ሬሳ ሸፈኗት። ፍትሐቱንም ከነዜማው ሳያጓድሉ አደረሱላት። አንጓች ከጨርቁ ሥር ድምፅ ሳታሰማ አነባች።

ሲጨርሱ አበምኔቱ ቆቡን ይዘው ጨርቁን ገለጡት። አንጓች ጠርዙ የነተበ የወንድ ባርኔጣ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ይኼ የማነው?»

«የደምለው ነው፣ አባ። ፍትሐቱ ለእሱ ነው።»

አበምኔቱ እጃቸው ላይ ያለውን ቆብ አዩት። «ይኼስ?»

«እሱ ይቅርብኝ» አለች፣ ባርኔጣውን ይዛ እየተነሣች። «ለቅሶ አለብኝ።»