ሐሲና የሚለው ዘፈን

ሲምረት ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማችው ኩዌት፣ ባያን ሰፈር በምትሠራበት ቪላ፣ የማዳምን ቀሚስ እየተኮሰች ሳለ ነው። አብራት የምትሠራው ኑሪያ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከፈተችው።

«ያገርሽ ልጅ ነው፤ የሆሳዕና» አለቻት።

ስልኩ ውስጥ ሮቤል ነበር። የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ግማሹን በሀዲይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ራፕ ያደርጋል። አዝማቹ ላይ የአንዲት ሴት ስም ይመላለሳል።

«ሐሲና፣ ሁሉም ጥሎኝ ሲሄድ ያንቺ በር ክፍት ነበር።»

ካውያው ቀሚሱ ላይ ቆየ። ሲምረት የነቃችው ጨርቁ ሲሸታት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሮቤልን መከታተል ሥራዬ ብላ ያዘች። ዩቲዩብ ላይ ወደ ኋላ እየሄደች ያለውን ሁሉ አየች። መናኸሪያ ውስጥ ወያላዎች ከበውት የተቀረጸውን አየች፤ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ወጥሮ በስልክ የቀዳቸውን የመጀመሪያ ሥራዎቹንም። አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት «ይህን የደቡብ ቅላጼ ተወውና እንፈራረም» ቢለው «እሱን ከተውኩ እኔ ምን ቀረኝ?» ብሎ እንደወጣ ሲናገር ሰማችው። አሳታሚ የለውም፤ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ይለቃል። እንዲያም ሆኖ ሐዋሳና አርባ ምንጭ አዳራሽ ሞልቶለታል።

ይህን ሁሉ ስታይ ደስ ይላታል። ሐሲና የሚለው ስም ሲመጣ ግን ስልኩን ታጠፋዋለች።

ሐሲና ማን እንደሆነች አድማጩ ሁሉ ይከራከራል፤ ሮቤል አይናገርም። ሲምረት ግን ታውቃታለች። ሆሳዕና አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ኖረዋል። ሐሲና ሳቂታ ነበረች፣ ሰው ቶሎ ይወዳታል። ሲምረትም ትወዳት ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ግን? ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለቻት ኑሪያ አንድ ቀን።

«የኔ ነበር» አለች ሲምረት። «ለሁለት ዓመት ብዬ ስወጣ፣ ለሐሲና ጠብቂልኝ ብያት ነው የመጣሁት።»

ኑሪያ ሳቀች። «ወንድ ልጅ እንደ ዕቃ ጠብቂልኝ ተብሎ ይሰጣል?»

«ጠብቂልኝ አልኳት እንጂ ውሰጂው አላልኳትም።»

ኑሪያ ስልኩን መልሳ አየችው፤ ሲምረትንም አየቻት። «ደግሞ ለአንቺ ልጅ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሲምረት።

ኑሪያ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ሲምረት ወረቀቷ ላይ እንደተጻፈው ያላገባች ነች፤ ብቸኝነት የሚሠራውን ኑሪያም አታጣውም።

ሁለቱ ዓመታት በሌላ ኮንትራት፣ ያም በሌላ ተተክተው ነበር። ሲምረት ስትደውል ድምፁን ለመስማት ትጓጓለች፤ እሱ ግን ከሰላምታ አያልፍም። «ሐሲናን ላቅርብልሽ» ይላታል። አንድ ጊዜ ከጀርባው ሐሲና ስትስቅ ተሰማት፤ እሱም አብሯት ሳቀ። ሲምረት እንዲያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ወዲያ መደወል ተወች።

አሁን በሌላ ሰው ስም አካውንት ከፈተች። ከዘፈኑ ሥር «ከሐሲና ሌላ ሴት አታውቅም?» ብላ ጻፈች። ሮቤል በቀይ ልብ መለሰላት። ያቺን ልብ ቀኑን ሙሉ እየከፈተች ስታይ ዋለች። ከዚያ አፈረችና አካውንቱን አጠፋችው።

ከረመዳን በኋላ ሮቤል ኩዌት እንደሚመጣ ተሰማ፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ሳልሚያ ሰፈር አዳራሽ ተይዞለታል። ከአየር ማረፊያው ፎቶ ለጠፈ። ሻርፕ የተከናነበች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ክንዱን ይዛለች።

«ይዟት መጣ» አለች ሲምረት።

የዚያኑ ዕለት ከሐሲና የድምፅ መልእክት ደረሳት። «ሲምረትዬ፣ ከሮቤል ጋር ነኝ። ዓርብ ነይ፣ ላይሽ እፈልጋለሁ።»

ሲምረት አልመለሰችም። «ልታሳየኝ ነው» አለች። «እንዴት እንደያዘችው ልታሳየኝ ነው የጠራችኝ።»

ያም ሆኖ ማዳምን የዓርብ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ ጠየቀች። ኑሪያ ሽበቷን ሂና ቀባችላትና ቀይ ቀሚሷን አዋሰቻት። ሲምረት መስታወት ፊት ቆማ ደጋግማ ዞረች።

«ታውቀኛለች፤ እሱ ግን ያውቀኝ ይሆን?» አለች።

«ሰው ፊት ነገር እንዳታነሺ» አለች ኑሪያ። «እሱ የሷ ሆኗል። እዪና እንመለስ።»

አዳራሹ ከጀህራና ከአቡ ሐሊፋ በመጡ ሴቶች ጢም ብሏል። ሐሲና ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሮቤል ሲወጣ ለሲምረት በስልክ ከምታየው የከሳ መሰላት።

ያ ዘፈን ሲጀመር አዳራሹ በአንድ አፍ ተቀበለው። ሮቤል ከመድረኩ ጎንበስ ብሎ ለሐሲና እጁን ዘረጋላት፤ እሷም በሁለት እጇ ያዘችው። ሲምረት ያንን አይታ መቀመጥ አልቻለችም። ወደፊት ሄዳ ከሐሲና ኋላ ባለው ረድፍ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኑሪያ ተከትላ መጥታ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

«ተይ ሲምረት፣ ትዋረጃለሽ።»

«ልቀቂኝ።»

ዘፈኑ አለቀ። ሮቤል ላቡን ጠረገና ለመድረክ መሪው የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው። መሪው ማይኩን ተቀብሎ ሰው ጸጥ እስኪል ጠበቀ።

«አሁን» አለ፣ «የሮቤልን እናት ወደ መድረክ እንጋብዛለን።»

ሁለት ሴቶች ተነሱ።