ለዛሬ አበቃ

መርዳሳ ቪዲዮ ቤቱን የከፈተው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ናዝሬት፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ ሟች አባቱ እህል ያከማቹበት በነበረው መጋዘን ውስጥ። ቪዲዮ ቤት ሲባል ሲኒማ ቤት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ብርድ ልብስ፤ በቃ።

ሰው የሚጎርፈው ለካራቴ ነበር። ካራቴው ደግሞ ሳንሱር ያላለፈ፣ በልባሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ካሴት ነው። ቢያዝ ዴኩ ይወረሳል፣ ባለቤቱም ይታሰራል። መርዳሳ ይህን አጥቶት አይደለም። ግን ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቤቱን ቤት የሚያስመስልለት ያ የተመልካች ጫጫታ ብቻ ነበር።

ለሽፋን ይሁነኝ ብሎ አንድ የተፈቀደ ካሴት ገዛ። «ያልታጠበ ብርጭቆ» ይባላል። ከአብዮቱ በፊት የተሠራ የቆየ ድራማ ነው፤ አንድ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ በአረቄ ሱስ ቤቱንም ልጁንም ሲያጣ ያሳያል። ያኔ በፊልም የተነሣው አሁን ወደ ቪዲዮ ተገልብጦ «በአዲስ መልክ» ተብሎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር አዲስ የሆነው ማሸጊያው ነው። ያረጀ ፊልም ወደ ካሴት ሲገለበጥ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ድምፁም ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

ፖስተሩን በሩ ላይ ሲለጥፍ የቀበሌው ሊቀመንበር ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያየዋል። መርዳሳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ግቡ! ስካር የአብዮቱ ጠላት ነው! ይህን ድራማ ማየት የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ ነው!»

ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ሄደ። በዚያ ስታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ያንጠለጠለችውን ጀሪካን በነጠላዋ ሸፈን አደረገችና ገባች።

በማግስቱም ያው ድራማ፣ ያቺው ሴት። በሠልስቱም።

«ማናት?» አለ ኢተፋ። ባለጋሪ ነው፤ የመርዳሳ ወዳጅ፤ የካራቴ ነገር ሲሆን ፈረሱን እንኳ የሚረሳ።

«እኔ እንጃ። የሰፈር ሰው አይደለችም።»

«አንድ ሰካራም ቦይ ውስጥ ሲገባ በየቀኑ የሚያይ ጤነኛ አለ? አንተ ሞኝ፣ የምታየው ቴሌቪዥኑን እኮ አይደለም። አንተን ነው!»

መርዳሳ ልብ ብሎ ሲያያት እውነት ነው። እሱ ካላያት አትቀመጥም። ድራማው ሲያልቅ ሌላው እየተጋፋ ሲወጣ እሷ ወደ እሱ ዞራ ትጠብቃለች።

«አበቃ?» ትለዋለች።

«ለዛሬ አበቃ፣ እትዬ» ይላታል፣ እጁን አጣምሮ።

በዚያ ዘመን የማይታወቅ ሰው ዝም ብሎ ጥግ ከያዘ የመንግሥት ጆሮ ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም። መርዳሳ ገንዘብ መቀበሉን ተወ። «እርስዎማ እንግዳችን ነዎት» እያለ፣ ለወጉ ያህል ብቻ ቲኬት ቀዶ ግማሹን በሁለት እጁ ይሰጣታል። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። ማስረጃ ትሰበስባለች አለ በልቡ።

ካራቴው ቆመ። «ያልታጠበ ብርጭቆ» ብቻ ሆነ። የካራቴ ልጆች ሄዱ፣ የወንጂ ሸንኮራ ቆራጮች ሄዱ። በመጨረሻ ኢተፋም ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «በል ከሚስትህ ጋር ሱስህን ተወጣ!» ብሎ ሄደ።

አንድ ቀን ቀረች። መርዳሳ ልታስይዘኝ ሄዳለች ብሎ ካራቴዎቹን በጆንያ አድርጎ አዋሽ ድረስ ወስዶ ጣላቸው። ሲመለስ ገበያው ዳር አገኛት። ወዳጅ ለመምሰል ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ምነው ቀሩብን?»

«አሞኝ ነው፣ ጓድ። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ጓድ! ቃሏ አጥንቱ ድረስ ገባ። እየቀለደችብኝ ነው አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ውጭ ንፋሱ አቧራ እያነሣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ። የሰካራሙ ልጅ የመጠጥ ቤቱን በር እየመታች «አባብዬ፣ ቤታችን ጨለመ እኮ» የምትልበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ የሴትዮዋ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን መርዳሳ የራሱም ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያዘው። አልቻለም። ተነሥቶ ዴኩን አጠፋው።

«እትዬ፣ በቃኝ! ይፈትሹ፤ ቤቱ ባዶ ነው። አንድም ካሴት አላስቀረሁም። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝና ይገላግሉኝ!»

ሴትዮዋ ብድግ አለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ የተቀደዱት ቲኬቶች በአግዳሚው ላይ ተዘረገፉ።

«ይኸው ጓድ፣ ካመመኝ ቀን በቀር አልቀረሁም፤ አረቄ ማውጣቱንም ግቡ ባሉኝ ዕለት ትቼዋለሁ፤ ሌላውን ሰው ሁሉ አሰናብተው እኔን ብቻ አስቀሩኝ፣ የኔስ ግዴታ መቼ ነው የሚያበቃው?»