የማኅበሩ ቤት ቁልፍ

ወለተ ሚካኤል ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ወዲያው ፈቀቅ ትላለች።

"ውሰጂው" ትላለች።

ልጅቷ ቁልፉን ታያለች፤ ድንጋዩን ታያለች፤ እንደገና አሮጊቷን ታያለች። ባንቺ ትባላለች፤ የአምሳለ ልጅ ናት። ደርግ የወደቀ ዓመት በእናቷ እጅ ተይዛ ከሰቆጣ የወጣች ሕፃን ዛሬ ሱሪ ለብሳ፣ መነጽር አናቷ ላይ ሰክታ ከእስራኤል መጥታለች። አማርኛዋ ይሰባበራል። አፍንጫዋ ግን ቁርጥ አምሳለ ነው።

"ለምን በእጅዎ አይሰጡኝም፣ እማማ?"

ምን ብላ ትመልስላት? እዚህ ድንጋይ ላይ ስንት ነገር ተቀባብለዋል። አምሳለ የሠራችውን ማሰሮ አስቀምጣ ፈቀቅ ትላለች፤ ወለተ ሚካኤል ገብሷን አኑራ ማሰሮውን ታነሣለች። ቤተ እስራኤሎቹ ከሌላው ሰው ጋር አይነካኩም ነበር። የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም ደጅ ይቆያል። የከተማው ሰው "አትንኩኝ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ግን ድንጋዩን መሀል አድርገው ባሎቻቸውን ሲያሙ ይመሽባቸዋል።

ከድንጋዩ በላይ የማኅበራቸው ቤት አለ። የሠሩት ቀጥቃጮቹ ወንዶቻቸው ናቸው፤ ማጠፊያውንም ቁልፉንም በገዛ እጃቸው ቀጥቅጠው። ቅዳሜ ጸሎት ይደረግበታል፤ በሌላው ቀን ልጅ ኦሪት ይማርበታል፣ የተጣላ ይታረቅበታል፣ የሞተ ይለቀስበታል። ሰዎቹ ሲሄዱ አምሳለ "እስክመለስ ያዥልኝ" ብላ ነው ቁልፉን ድንጋዩ ላይ ያኖረችው። ኋላ ቤቱ ለመጋዘን ሲፈለግ፣ ወለተ ሚካኤል ቁልፉ ጠፋ አለች። ሰብሮ የሚገባም አልተገኘም፤ ቀጥቃጭ የሠራውን በር ሰው ሁሉ ይፈራል። ውሸቷን ለንስሐ አባቷ ነግራለች። ስግደት አዘዙባት፤ ሰገደች፤ ቁልፉን ግን አላወጣችም።

ግቢውን ትጠርጋለች። ከደፉ አልፋ ግን አታውቅም። እሷ ከገባች ቤቱ ይረክሳል፤ አምሳለ ስትመለስ ምን ልትላት ነው?

"እናትሽስ?" ትላለች አሁን። እስካሁን ያልጠየቀችው ፈርታ ነው። መኪናው ሲቆም ሁለት ሰው ይወርዳል ብላ ጠብቃ ነበር። "ከኋላ ትመጣለች?"

ባንቺ አንገቷን ትደፋለች። "እግሯ አይሄድላትም፣ እማማ። አልጋ ላይ ከዋለች ሰነበተች። አትመጣም።"

ወለተ ሚካኤል ቁልፉን ታየዋለች። ይህ ብረት ወገቧ ላይ እስካለ ድረስ አምሳለ መንገድ ላይ ነበረች። ዛሬ ትደርሳለች፣ ነገ ትደርሳለች። ልጅቷ ካነሣችው ግን አለቀ። መልሳ ልትወስደው እጇ ይነሣል፤ አፍራ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

"የላከችኝ ለቤቱ ብቻ አይደለም" ትላለች ባንቺ። "ለቤቱማ ፎቶ አንሥተሽ አምጪልኝ ነው ያለችኝ። መጀመሪያ እሷን እቀፊያት፣ ጠበቅ አድርገሽ፣ ከእኔ ነው በያት ብላኛለች።"

እጆቿን ዘርግታ ትመጣለች።

"አትንኪኝ፣ ልጄ" ትላለች ወለተ ሚካኤል ወደ አጥሩ እየሸሸች። "ኋላ ትረክሻለሽ። የአባቶችሽን ቤት ሳታዪ ደጅ ልትቀሪ ነው።"

ባንቺ አትቆምም። ታቅፋታለች።

የሳሙናው ሽታ እንግዳ ነው። ክንዱን ግን ታውቀዋለች። እንዲህ የታቀፈችው አንድ ቀን ብቻ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጇን ቀብራ ስትመለስ፣ አምሳለ ሕጉን እያወቀች ከድንጋዩ ወዲህ ተሻግራ አቀፈቻት። ከዚያ ወንዝ ወርዳ ታጠበች፤ እዚሁ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ በዚያ ብርድ የፀሐይዋን መጥለቅ ጠበቀች። ወለተ ሚካኤል በበሯ ስንጥቅ ታያት ነበር። ሄዳ አጠገቧ ብትቀመጥ ምንኛ በወደደች። ግን እንደገና አረክሳታለሁ ብላ ቀረች።

"በይ እንግዲህ" ትላለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ወንዙ ደርቋል፤ ከእንስራዬ ውኃ አመጣልሻለሁ። ታጥበሽ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለሽ። ያኔ ትገቢያለሽ።"

"እኛ እኮ ይሄን ትተነዋል፣ እማማ።"

"እናትሽም ተወችው?"

ባንቺ በሩን ታያለች፤ ከተራራው በላይ ያለችውን ፀሐይ ታያለች። ከዚያ ሄዳ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ቁልፉን ሳትነካ።

"እሺ፣ እጠብቃለሁ" ትላለች። "ግን ብቻዬን አይደለም። እርስዎም ይቀመጡ።"

ወለተ ሚካኤል ውኃውን ልታመጣ ነበር። ትተወዋለች። ቁልፉን አንሥታ ለራሷ ቦታ ታበጃለች። ድንጋዩ ለሁለት ይጠባል፤ ትከሻቸው ይነካካል። ባንቺ ስለ እናቷ ታወራላታለች፤ እዚያም፣ እግሯ ሳይደክም፣ ሰፈር ውስጥ ለማሰሮ ጭቃ ፍለጋ ስትዞር ሰው ይስቅባት እንደነበር። ወለተ ሚካኤል ትስቃለች። ናፍቆቱ ግን ከሣቁ ጋር ይመጣል።

የተራራው ጥላ እግራቸው ሥር ሲደርስ የልጅቷን እጅ ትስባለች። ቁልፉን መዳፏ ላይ ታኖረዋለች። የራሷን እጅ ግን ከላዩ አታነሣም።