የተደጋገሙ ስሞች

ጋትዌች ካርቶኑን በቢላ ይቀድዳል። ልጁ ኛቹዎል የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከእጁ ትነጥቀዋለች።

«አባ፣ እነዚህ ላሞች የማን ናቸው?»

ሽፋኑን ያያል። ጥቁርና ነጭ፣ ቀንድ የሌላቸው፣ ጡታቸው መሬት ሊነካ የደረሰ የፈረንጅ ላሞች።

«አሳታሚው ነው የመረጠው።»

«የሸጥካቸውን አምስቱን ፎቶ አንስተህ ብትልክላቸው ምናለ? እነሱ እንኳ ቀንድ ነበራቸው።»

ይስቃል። ዛሬ ማንም ሊያናድደው አይችልም። አባቱ ከመሞታቸው በፊት ሦስት ክረምት አጠገባቸው ተቀምጦ የጎሳውን የዘር ሐረግ ከአፋቸው በደብተር ጽፏል። አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ «ወጪውን እንጋራለን» አለው። ላሞቹ የእሱ ድርሻ ነበሩ። የአሳታሚው ድርሻ ምን እንደነበር እስካሁን አልገባውም።

ትናንት ጭነቱ ከአውቶቡስ እንደወረደ አንዱን ካርቶን ሳይከፍት ወደ ማታር ልኮታል። የኛቹዎል እጮኛ ሽማግሌዎች እዚያ ናቸው። ነገ ተሰብስበው የሁለቱን ቤት ዘር ይቆጥራሉ፤ ዝምድናው ከቀረበ ጋብቻ የለም። «ዘንድሮ በአፍ አንቆጥርም» ብሏቸው ነበር ጋትዌች፤ «የምንቆጥረው ከመጽሐፍ ነው።» ተስማምተዋል።

ኛቹዎል ገጽ መግለጧን ታቆማለች።

«አባ፣ አያቴ ሉዋል የማን ልጅ ነበሩ?»

«የዴንግ።»

«ዴንግስ?»

«የሉዋል። ሉዋል ደግሞ የዴንግ፣ ዴንግ የሉዋል። የአያት ስም ለልጅ ልጅ እየተሰጠ እስከ ቢየል ይወጣል።»

«እዚህ ሉዋል የዴንግ፣ ዴንግ የቢየል ይላል።»

መጽሐፉን ይቀበላታል። የእጮኛዋን ቤት ገጽ ይፈልጋል። እዚያም እንደዚሁ፤ ስም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ተሰርዟል። በደብተሩ ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት አሥረኛው ትውልድ ላይ፣ ቢየል ላይ ነበር። በመጽሐፉ አራተኛው ላይ ይገናኛሉ።

አሳታሚው ዘንድ ይደውላል። መቅደላዊት የምትባለው የደራሲያን ጉዳይ ኃላፊ ታነሳለች።

«መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ስሞች ጠፍተዋል።»

«አንድ ደቂቃ… አዎ፣ አርታኢያችን አስተካክሎታል። አንዱ ስም እየተደጋገመ ነበር፤ የእጅ ስህተት መስሎት ነው።»

«ስህተት አይደሉም። ሰዎች ናቸው።»

«ከመታተሙ በፊት እንዲያዩት በኢሜይል ልከን ነበር እኮ። በሰባት ቀን ካልመለሱ እንደተስማሙ ይቆጠራል፤ ውሉ ላይ አለ።»

«ያን ሰሞን ጋምቤላ ኢንተርኔት አልነበረም። አሥራ አንድ ቀን።»

«ይገባኛል። ውሉ ግን ስለ ኢንተርኔት አያነሳም። ለሁለተኛ ኅትመት የእርማት ፓኬጅ አለን፤ ለነባር ደራሲዎቻችን ደግሞ ቅናሽ…»

«ደብተሬን መልሱልኝ።»

«ከተተየበ በኋላ ዋናውን አናስቀምጥም፣ መምህር።»

ጋትዌች ዓይኑን ይጨፍናል። ዋናውን ካልላክህ ብለው የጨቀጨቁት እነሱ ነበሩ።

«የኔ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?»

«ጎጃም።»

«እናንተ ስትጋቡ ዘር አትቆጥሩም?»

«እንቆጥራለን» ትላለች ቀስ ብላ። «እስከ ሰባት ቤት።»

«አርታኢሽስ?»

የኮምፒውተር ቁልፍ ስትመታ ይሰማል።

«የፓኬጁን ዝርዝር በቴሌግራም ልላክልዎት?»

ስልኩን ይዘጋዋል። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል። ኛቹዎል ጣቶቿን አጥፋ ትዘረጋለች፤ አራት፣ እንደገና አራት።

«በቃልህ ታውቀው የለ? ንገራቸው።»

«ለልጁ ሲል ጨመረ ይሉኛል። በአፍ አንቆጥርም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከሸሚዝ ኪሱ የፈተና ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶውን ያወጣል። በገጹ ጠርዝ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ሉዋል። ዴንግ። ሉዋል። ጽሑፉ የተማሪ ስህተት ያረመ ይመስላል። እዚህ ቤት ውስጥ አራት መቶ ሰማንያ መጽሐፍ አለ። ሃያው ማታር ነው።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። የማታር ቁጥር ነው። ጋትዌች ቀና አይልም።

ኛቹዎል ስልኩን እያየች ሌላ መጽሐፍ ከካርቶኑ ታወጣለች። ላሞቹን ወደ ታች ገልብጣ፣ ገጹን ገልጣ፣ እንዳይከደን በመዳፏ ትይዝለታለች።